ተቆጣጣሪ ቲ ሴልን ከሥራው እንዳይወጣ የሚይዘው ጂን፣ ፎክስፒ3፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎችና «የልጃችሁ መከላከያ የራሱን አካል እያጠቃ ነው» ተብለው ግራ ለተጋቡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ወላጅ ከሆኑና ከቸኮሉ፣ ከዚህ ጂን ብልሽት ስለሚመጣው ሕመም «አይፔክስ ምንድን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ በቀጥታ ይውረዱ፤ ሌላው ይቆይዎት።

ሲዲ4 እናውቃለን። ትሬግ የሚባለው ሌላ ነገር ነው?

«ሲዲ4ህ ስንት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከኤችአይቪ ሕክምና ጋር ተያይዞ በየጤና ተቋሙ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ያ ቁጥር ሲዲ4 የሚባል ፕሮቲን ላያቸው ላይ ያለባቸውን ቲ ሴሎች (ከመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች አንዱን ዓይነት) በሙሉ ይቆጥራል፤ ተዋጊውንም አስታራቂውንም በአንድ ሚዛን። ትሬግ ማለት ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ሲሆን፣ ደም ውስጥ ካሉት ሲዲ4 ሴሎች ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ሲዲ4ቱ 900 የሆነ ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደሙ ውስጥ ከ45 እስከ 90 ትሬግ ይኖረዋል ማለት ነው።

የሲዲ4 ቆጠራ ብቻውን ስለ ትሬግ ምንም አይነግርም። ሁለት ሰዎች እኩል 900 ይዘው አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው ቆዳውና አንጀቱ በራሱ መከላከያ የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የትሬግ ብዛት ራሱ ሙሉ መልስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቁጥሩ ሳይሆን ሴሉ ትሬግነቱን ይዞ መቆየቱ ነው። ይህ ገጽም በዋናነት የሚያወራው ስለዚያ ነው።

በምን መንገድ ነው ሌሎቹን የሚያረጋጉት?

ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ እጢ ቲ ሴሎችን ሲያሠለጥን የራስን አካል የሚያጠቁትን ይለቅማል። ወንፊቱ ግን ቀዳዳ ስላለው ያመለጡ ሁሌም አሉ። ትሬግ የሚጠብቀው እነዚህን ያመለጡትን ነው። ኢንተርሉኪን-2 የተባለውን የቲ ሴል ምግብ ቀድሞ ይጠጣባቸዋል። ሲቲኤልኤ-4 በተባለው ፕሮቲኑ፣ አንቲጅንን (ቲ ሴል የሚለየውን የጀርም ወይም የአካል ቁራጭ) የሚያቀርቡት ሴሎች ላይ ያሉትን ሲዲ80 እና ሲዲ86 የተባሉ ፕሮቲኖች ነጥቆ ወደ ውስጥ ይውጣል፤ ያን ጊዜ ተዋጊው «ተነሣ» የሚለው ሁለተኛ ምልክት ይቀርበታል። ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ የተባሉ አብራጅ መልእክቶችንም ይለቃል። ሲዲ39 እና ሲዲ73 የተባሉት ኢንዛይሞቹ ደግሞ ከሴል ውጭ የፈሰሰውን ኤቲፒ (የሴል ጉልበት ተሸካሚ) ወደ አዴኖሲን ይለውጡታል፤ ኤቲፒ የሚያስቆጣውን ያህል አዴኖሲን ያቀዘቅዛል።

ፎክስፒ3 ምንድን ነው? እንዴትስ ተገኘ?

ፎክስፒ3 ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለ ጂን ነው። የሚሠራው ፕሮቲን 431 አሚኖ አሲድ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ጂኖችን ያበራል ወይም ያጠፋል።

ታሪኩ ከ1949 ይጀምራል (በዚህ ገጽ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ኦክ ሪጅ በተባለ የምርምር ማዕከል አንዳንድ ወንድ አይጦች ቆዳቸው ተቀርፎ፣ ጉበታቸውና ንፊፊቶቻቸው አብጠው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሞቱ ነበር። «ስከርፊ» ተባሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 ሲዲ25 (የኢንተርሉኪን-2 መቀበያ) ያለባቸው ሲዲ4 ሴሎች ከአይጥ ሲወገዱ መከላከያው የራሱን አካል እንደሚያጠቃ አሳየ። ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስደል ደግሞ በ2001 የስከርፊ አይጦች ጉድለት ፎክስፒ3 ላይ መሆኑን ደረሱበት፤ የሰው ልጆች አይፔክስ የሚባለው ሕመምም ከዚሁ ጂን እንደሚመጣ በዚያው ዓመት ታወቀ። ሁለቱ መንገዶች በ2003 ተገናኙ፤ የሳካጉቺን ሴሎች ትሬግ የሚያደርጋቸው ፎክስፒ3 ሆኖ ተገኘ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለእነዚህ ሦስት ሰዎች የተሰጠው በዚህ ሥራ ነው።

ፎክስፒ3 ከበራ ሴሉ ትሬግ ሆነ፤ አለቀ አይደል?

በአይጥ ብዙውን ጊዜ እንዲያ ብሎ መውሰድ ይቻላል። በሰው ላይ ግን አይሠራም፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ተዋጊ ቲ ሴል ጀርም አግኝቶ ሲቆጣ ፎክስፒ3ን ለጥቂት ቀናት ያበራና መልሶ ያጠፋዋል። በዚያ ሰዓት በመሣሪያ ያየው ሰው «ትሬግ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጋቢ የደረበ ሁሉ ሽማግሌ አይደለም፤ ነገ ጋቢውን አውልቆ ጠብ ውስጥ የሚገባም አለ።

እውነተኛው ትሬግ የሚለየው ጂኑ እንዳይጠፋ ተቀርቅሮ በመያዙ ነው። ይህን ለመረዳት የጂኑን አካባቢ ማየት ያስፈልጋል። ከፎክስፒ3 ጎንና ከመካከሉ ራሳቸው ፕሮቲን የማይሠሩ፣ ግን ጂኑ መቼ እንደሚነበብ የሚወስኑ የዲኤንኤ ቁራጮች አሉ። ሲኤንኤስ0፣ ሲኤንኤስ1፣ ሲኤንኤስ2 እና ሲኤንኤስ3 ይባላሉ። ቁጥራቸው የሥራ ቅደም ተከተላቸው አይደለም፤ ዲኤንኤው ላይ የተቀመጡበት ተራ ነው።

ሲኤንኤስ0 እና ሲኤንኤስ3 አስጀማሪዎች ናቸው። ሳትቢ1 የተባለው ፕሮቲን ታይመስ ውስጥ ገና ፎክስፒ3 ሳይበራ ሲኤንኤስ0ን ይከፍታል፤ ሲ-ሬል የተባለው ደግሞ ሲኤንኤስ3 ላይ ይቀመጣል። ሲኤንኤስ3 የተቆረጠበት አይጥ ትሬጉ በእጅጉ ያንሳል። የሚገርመው ግን እንደ ምንም ብለው ፎክስፒ3ን ያበሩት ጥቂቶቹ ሴሎች አጥብቀው ይይዙታል። ስለዚህ ማብራትና ይዞ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሲኤንኤስ1 ከታይመስ ውጭ፣ በተለይ አንጀት ውስጥ ለሚፈጠሩት ትሬጎች ነው። የቲጂኤፍ-ቤታ መልእክት ስማድ3 በተባለ ፕሮቲን በኩል የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ቁራጭ የሚገኘው እንግዴ ልጅ ባላቸው አጥቢ እንስሳት ላይ ነው። ሲኤንኤስ1 የሌላት እናት አይጥ ከሌላ ዘር ወንድ ስታረግዝ ከጽንሶቿ ከወትሮው የበዙት ይጠፉባታል። ግማሹ የአባቱ የሆነውን ጽንስ የእናት መከላከያ እንዲታገሰው ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እንግዲህ ይህ ነው።

መቀርቀሪያው ሲኤንኤስ2 ነው።

ሲኤንኤስ2 እንዴት ይቀረቅራል?

በተራ ቲ ሴል ሲኤንኤስ2 ላይ ያሉት ከ10 የሚበልጡ «ሲጂ» ነጥቦች ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ተለጥፎባቸዋል። ሜቲል የተለጠፈበት ዲኤንኤ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ አንባቢ ፕሮቲኖች አይደርሱበትም። ታይመስ ውስጥ በተሠራ ትሬግ ግን ያ ሜቲል ከሞላ ጎደል ሁሉም ተነሥቷል። ቦታው ክፍት ስለሆነ ስታት5 እና ራንክስ1 የተባሉ ፕሮቲኖች፣ ሌላው ቀርቶ ፎክስፒ3 ራሱ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ፎክስፒ3 የገዛ ጂኑን ክፍት አድርጎ ይይዛል ማለት ነው።

ሜቲሉን የሚያነሡት ቴት2 እና ቴት3 የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ለሥራቸው ብረትና ኦክስጅን ይፈልጋሉ፣ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያግዛቸዋል። ሴል ሲባዛ ዲኤንኤምቲ1 የሚባለው ኢንዛይም የድሮው ዲኤንኤ ላይ ሜቲል ያለበትን እያየ አዲሱ ላይ ይገለብጣል። የድሮው ላይ ከሌለ የሚገለብጠው የለውም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተነሣ ሜቲል ከእናት ሴል ወደ ልጅ ሴል እንደተነሣ ይተላለፋል። ትሬግ ከብዙ መባዛት በኋላ ትሬግ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው።

ሲኤንኤስ2 የተቆረጠበት የአይጥ ትሬግ መጀመሪያ ላይ ምንም የጎደለው አይመስልም። ፎክስፒ3ው አለ፣ ሲዲ25ቱ አለ። ሴሉ መባዛት ሲጀምር፣ በተለይ ቁጣ ባለበት ቦታ፣ ፎክስፒ3ው እየተንጠባጠበ ይጠፋል።

ላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ በቲጂኤፍ-ቤታ የሚሠሩት ትሬጎችም ችግራቸው ይኸው ነው። ፎክስፒ3 ያበራሉ፤ ሲኤንኤስ2ው ግን ሜቲሉን እንደተሸከመ ነው። ቲጂኤፍ-ቤታውን ሲያነሡባቸው ብዙዎቹ ወደ ተራ ቲ ሴልነት ይመለሳሉ። ቫይታሚን ሲ ወደ ሳህኑ መጨመር የቴት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃ ሁኔታውን ያሻሽላል። ይህ ግን የሳህን ነገር ነው። ብርቱካን በመብላት ትሬግ ይጠነክራል ብሎ የሚሸጥልዎት ካለ አይግዙት።

ፎክስፒ3 ሌሎቹን ጂኖች የሚያዘው እንዴት ነው?

ብቻውን አይደለም። ፎክስፒ3 የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ እሱ ከመምጣቱ በፊት በሌሎች ፕሮቲኖች የተከፈቱ ናቸው። እሱ የሚያደርገው የተከፈተው በር ላይ ማን እንደሚቆም መለወጥ ነው።

የኢንተርሉኪን-2ን ጂን ጠጋ ብለን እንየው። ተራ ቲ ሴል ሲቆጣ ኤንፋት የተባለ ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ ኤፒ-1 ከሚባለው ጋር ተጣምሮ ይህን ጂን ያበራል። በትሬግ ውስጥም ኤንፋት ይገባል፤ ነገር ግን ኤፒ-1 ሊቆምበት የሚገባውን ቦታ ፎክስፒ3 ይዞታል። ያው ኤንፋት፣ ያው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ አጣማሪው ሲቀየር ግን ትእዛዙ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ኢንተርሉኪን-2 ጠፋ፣ ሲቲኤልኤ-4 እና ሲዲ25 በሩ።

ውጤቱ ብልኃት ያለበት ነው። ትሬግ የሚኖረው በኢንተርሉኪን-2 ነው፤ የራሱን ግን መሥራት አይችልም። የሚሠሩለት የተቆጡት ተዋጊ ሴሎች ናቸው። ተዋጊዎቹ ሲበዙ ምግቡ ይበዛል፣ ትሬጉም ይበዛና ያበርዳቸዋል፤ ሲበርዱ ምግቡ ይቀንሳል፣ ትሬጉም አብሮ ይቀንሳል። ያ ኢንተርሉኪን-2 በሲዲ25 በኩል ስታት5ን ያስነሣል፤ ስታት5 ደግሞ ተመልሶ ሲኤንኤስ2 ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ምግቡና መቀርቀሪያው አንድ ሰንሰለት ናቸው። ኢንተርሉኪን-2 ያጣ ትሬግ መራብ ብቻ ሳይሆን ማንነቱም ይላላል።

ሲቲኤልኤ4፣ ሲዲ25 እና ኢኦስ የተባሉት ጂኖችም በትሬግ ውስጥ የራሳቸው ሜቲል ተነሥቶላቸዋል። ፎክስፒ3ን በጉልበት በተራ ሴል ውስጥ ቢያስገቡ እንኳ እነዚያ ቦታዎች ካልተከፈቱ የሚወጣው ግማሽ ትሬግ ነው።

ታዲያ ምን ያበላሸዋል?

ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ። አንደኛው ጂኑ ራሱ ሲበላሽ ነው፤ ወደሱ እንመጣለን። ሁለተኛው ጂኑ ደኅና ሆኖ አያያዙ ሲላላ ነው።

ለረጅም ጊዜ የቆየ ብግነት ባለበት ቦታ ኢንተርሉኪን-6 የተባለ አቀጣጣይ መልእክት ይበዛል። ኢንተርሉኪን-6 ስታት3 የተባለውን ፕሮቲን ያስነሣል፤ ስታት3 ደግሞ ስታት5 ለያዘው ሥራ ተቀናቃኝ ነው። ኢንተርሉኪን-2 በቂ ከሆነ ትሬጉ ይቋቋማል፤ ካነሰ ግን መቀርቀሪያው መላላት ይጀምራል። በፕሮቲኑ በኩልም ጥቃት አለ። ስታብ1 የተባለ ኢንዛይም በብግነት ጊዜ ፎክስፒ3 ላይ «ይጣል» የሚል ምልክት ይለጥፍበትና ሴሉ ፕሮቲኑን ይፈጨዋል፤ ዩኤስፒ7 የተባለው ሌላ ኢንዛይም በበኩሉ ምልክቱን ያነሣል። ጂኑ እየተነበበ ፕሮቲኑ የሚጠፋበት ጊዜ አለ የምንለው ለዚህ ነው። አርኤንኤውን ብቻ ለክቶ «ትሬጉ ደኅና ነው» ማለት አያስተማምንም።

ፎክስፒ3ውን ያጣ ትሬግ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያውኑ ብዙዎቹ ትሬጎች የሚያውቁት የራስን አካል ነው፤ ለጥበቃ የተመረጡትም ለዚያ ነው። መቆጣጠሩን ሲተዉ ኢንተርፌሮን-ጋማ ወይም ኢንተርሉኪን-17 የተባሉ አቀጣጣይ መልእክቶችን እየረጩ የሚጠብቁትን አካል ራሱን ማጥቃት ይችላሉ።

አይፔክስ ምንድን ነው? ጨቅላ ልጃችን ተቅማጡ አልቆም ብሏል።

አይፔክስ ፎክስፒ3 ሲበላሽ የሚመጣ፣ በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ ሕመም ነው። ተቅማጥ የያዘው ጨቅላ ሁሉ አይፔክስ አለበት ማለት አይደለም፤ እዚህ አካባቢ የጨቅላ ተቅማጥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጀርም ነው። የሚከተሉት ተደራርበው ሲገኙ ግን ሐኪሙን «ይህስ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ሕፃኑ ወንድ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የጀመረ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በኦአርኤስም፣ በዚንክም፣ ወተቱን በመለወጥም አልቆም ሲል፣ ክብደት አልጨምር ሲል፣ ሰውነቱን የሸፈነ ችፌ ሲኖረውና ስኳሩ ከፍ ሲል። በእናት ወገን በጨቅላነታቸው የሞቱ ወንድ ልጆች ካሉ ይህን ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ አጎትም ቢሆን፣ የእናት እኅት ልጅም ቢሆን። ሐኪሙ ከሚሰማቸው ነገሮች ሁሉ አቅጣጫ የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ቀላሉ ነው፤ የስኳር ምርመራ በግሉኮሜትር። አንድ ጠብታ ደም ይበቃዋል። የጨቅላ ስኳር በሽታ ከተቅማጥ ድርቀት ጋር ሲደራረብ በፍጥነት ይገድላል፤ የጂን ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም።

ወንዶች ላይ የሚበረታው ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ አለው። እናቲቱ ተሸካሚ ከሆነች ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ሴቶቹም በዚያው ልክ ተሸካሚ ይሆናሉ። እናትየው ግን ጤነኛ ናት። ሴት በየሴሏ ከሁለቱ ኤክስ አንዱን ትዘጋለች፤ ጤነኛውን ኤክስ የከፈቱት ትሬጎቿ በርትተው ሥራውን ይሸፍናሉ። ስለዚህ «እናቱ ምንም የላት፣ ከየት መጣ?» የሚለው የቤተ ዘመድ ሙግት መሠረት የለውም፤ ጥፋተኛ የሚባል ሰውም የለም።

ሕክምናው ለጊዜው መከላከያውን በሲሮሊመስ፣ በታክሮሊመስ ወይም በስቴሮይድ ማብረድ ነው፤ ስኳሩ በኢንሱሊን፣ ምግቡ በጥንቃቄ። ከሥሩ የሚለውጠው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። በተለይ አካላቱ ሳይጎዱ ቀድሞ ሲደረግ ውጤቱ የተሻለ ነው፤ ቀድሞ የተበላሸ ቆሽት ግን በንቅለ ተከላው አይመለስም።

በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለይ መሣሪያ) ፎክስፒ3ው ታየ። አይፔክስ አይደለም ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ብዙዎቹ የአይፔክስ ለውጦች አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ የሚቀይሩ ናቸው። ፕሮቲኑ ይሠራል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ይይዘዋል፣ መሣሪያው ላይ ነጥቦቹ በቦታቸው ይወጣሉ፤ ዲኤንኤ ላይ መቀመጥ ግን አይችልም። አለመታየቱ ብዙ ይናገራል፣ መታየቱ ግን አያረጋጋም። መጨረሻውን የሚወስነው የጂኑ ንባብ ነው። ንባቡ ደኅና ከሆነና ምልክቱ ካልለቀቀ፣ አይፔክስን የሚመስሉ ሌሎች የጂን ሕመሞች አሉ፤ ሲዲ25፣ ሲቲኤልኤ4፣ ኤልአርቢኤ እና ባክ2 የተባሉት ጂኖች አብረው ይታዩ።

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ምን ይበላሻል?

ከምርመራው በፊት የሚበላሸው ቱቦው ነው። ሁለቱን ምርመራዎች አይቀላቅሏቸው።

ለጂን ንባብ፦ ኢዲቲኤ ያለበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ፣ ለጨቅላ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከተቀዳ በኋላ ቱቦውን ሳይንጡ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ አድርገው ይገልብጡት፤ የረጋ ደም አይሠራም። በ4 ዲግሪ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴ ክዳን አይጠቀሙ፤ ሄፓሪን ፒሲአሩን (ዲኤንኤውን ለንባብ የሚያባዛውን ሥራ) ያሰናክላል። ልጁ ደም ተሰጥቶት ከሆነ መቼ እንደተሰጠ ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ የለጋሹ ነጭ ሴል ንባቡን ሊያደናግር ይችላል።

ለፍሎው፦ እዚህ ሴሉ በሕይወት መድረስ አለበት። ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም፣ በረዶ ላይም አይደረግም። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ተይዞ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ መሣሪያው ላይ መውጣት አለበት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ብርድ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲቀጥል ደግሞ ይብሳል። ጋቢና ውስጥ ፊት ለፊት መስተዋቱ ሥር የተቀመጠ ቱቦ እዚያ ሲደርስ ደሙ ተቀቅሎ ነው የሚደርሰው። ስፖንጅ ባለው ሳጥን፣ ያልቀዘቀዘ የውሃ ከረጢት አብሮ አድርጎ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጎ መላክ ይሻላል። ዓርብ ከሰዓት አይቅዱ፤ ቅዳሜና እሑድ ተቀባይ በሌለበት ሴሉ ያልቃል።

ላቦራቶሪው ውስጥ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሞተ ሴል መለያ ቀለም፣ የሞተ ሴል ያገኘውን ፀረ እንግዳ አካል ሁሉ ስለሚይዝ። ቀጥሎ የላይ ምልክቶች፦ ሲዲ3፣ ሲዲ4፣ ሲዲ25 እና ሲዲ127። ትሬግ ሲዲ25ቱ ከፍ፣ ሲዲ127ቱ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ሴሉ በኬሚካል ባለበት እንዲጸና ተደርጎ ይበሳና ፎክስፒ3 ይቀባል። ብዙው ስሕተት ያለው መብሻው ላይ ነው። ለሳይቶካይን (እንደ ኢንተርሉኪን ላሉ የሴል መልእክቶች) የሚያገለግለው መብሻ የሴሉን ሽፋን እንጂ ኒውክለሱን በቅጡ አይከፍትም፤ ፎክስፒ3 ደግሞ ያለው ኒውክለስ ውስጥ ነው። ለኒውክለስ ፕሮቲን የተሠራውን መብሻ ይጠቀሙ። አለበለዚያ ጤነኛውንም ሰው «ትሬግ የለውም» ብለው ይጽፋሉ። ከልጁ ናሙና ጋር ሁልጊዜ የአንድ ጤነኛ ሰው ደም፣ ቢቻል አብሮ የተጓዘ፣ ጎን ለጎን ይሠራ። የልጁ ዝቅ ያለው በሕመም ነው ወይስ በመንገድ የሚለውን የሚለየው ያ ብቻ ነው።

እንጀራና ምስር ትሬግ ይጨምራሉ?

የጥያቄው ሥር እውነት አለው። ያልተፈጨ አሰር ደንዳኔ ውስጥ ሲደርስ ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጣሉ። በ2013 የወጡ የአይጥ ጥናቶች ቡቲሬት የአንጀት ትሬግን እንደሚያበዛ አሳይተዋል፤ ዲኤንኤ የተጠቀለለባቸውን ሂስቶኖች አሲቲል የሚያነሣውን ኢንዛይም ስለሚገታ የፎክስፒ3 አካባቢ ይላላና ለመነበብ ይቀላል።

የእንጀራው ሊጥ የሚቦካበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእርሾው ተሕዋስያን ምጣድ ላይ ያልቃሉ፤ ለአንጀት የሚደርሰው የጤፉ አሰር ነው እንጂ እርሾው አይደለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን አሰር አላቸው፤ ይብሏቸው። ለአይፔክስ ወይም ለተጀመረ የአንጀት ብግነት ግን መድኃኒት አይሆኑም፤ አንጀቱ በቆሰለ ሰው ላይ ብዙ አሰር ሊያባብስም ይችላል።

የሆድ ትላትል ትሬግን ያበዛሉ ይባላል። ታዲያ ለምን እናወጣቸዋለን?

ያበዛሉ፤ ለራሳቸው ጥቅም። አንድ የአይጥ ትል ቲጂኤፍ-ቤታን የሚመስል ፕሮቲን ራሱ ሠርቶ ይለቃል፤ የአስተናጋጁ ሴሎች ፎክስፒ3ን እንዲያበሩና ትሉን እንዲታገሱት። ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው፤ ደም ማነስ፣ የእድገት መዘግየት፣ ለክትባት የላላ ምላሽ። ትምህርት ቤት የሚሰጠውን አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ይውሰድ።

ትሬግን የሚያበዛ መድኃኒት አለ?

ለትሬግ ብቻ ተብሎ ፋርማሲ የሚሸጥ ክኒን የለም። ያሉት መድኃኒቶች ግን ትሬጉን የሚነኩት በተለያየ መንገድ ነው። ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ኤንፋትን ስለሚያግዱ ኢንተርሉኪን-2 ይደርቃል፤ ተዋጊው ይበርዳል፣ ትሬጉም አብሮ ይራባል። ሲሮሊመስ የሚያግደው ኤምቶር የሚባለውን መንገድ ነው፤ ትሬግ ከተዋጊው ይልቅ ስለሚቋቋመው ሚዛኑ ወደሱ ያደላል። በአይፔክስ ሲሮሊመስ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኩላሊት ተተክሎልዎት ታክሮሊመስ የሚወስዱ ከሆነ ይህን አንብበው መድኃኒት አይቀይሩ፤ የዚያ ሚዛን ሌላ ነው።

ካንሰር ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እጢው ውስጥ ትሬግ ተከማችቶ ተዋጊዎቹን ያስራል። በ2011 የተፈቀደው ኢፒሊሙማብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ሲቲኤልኤ-4ን ያግዳል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የታይሮይድና የፒቱታሪ እጢ መታወክ ነው። ዝርዝሩ አይፔክስን ቢመስልዎት አይግረምዎት።

የሲኤንኤስ2 ምርመራ ውጤት «ሜቲሌሽን 48 በመቶ» ይላል። ትሬጉ ተበላሽቷል?

መጀመሪያ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ዲኤንኤው በባይሰልፋይት በሚገባ ተቀይሯል ወይ? ባይሰልፋይት የተባለው ኬሚካል ሜቲል የሌለበትን የዲኤንኤ ፊደል ሲ ወደ ዩ ይለውጣል፤ ሜቲል ያለበትን ይተወዋል። ቅየራው ካልተጠናቀቀ ሜቲል የሌለውም እንዳለው ሆኖ ይነበባል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሜቲል የሌለው መቆጣጠሪያ ዲኤንኤ አብሮ መሠራት አለበት።

ሁለተኛ፣ ናሙናው የማን ነው? ሴት በየሴሏ አንዱን ኤክስ ስለዘጋች፣ በተዘጋው ኤክስ ላይ ያለው ሲኤንኤስ2 በጤነኛ ትሬግም ቢሆን ሜቲሉን እንደያዘ ይቀመጣል። ተጣርቶ ከወጣ የሴት ትሬግ 50 በመቶ ገደማ ሜቲሌሽን ማግኘት ትክክለኛው ውጤት ነው፤ ሜቲል የሌለውን ድርሻ በ2 ያባዙት። በወንድ ናሙና ላይ ግን ያው 48 ማለት ከሴሎቹ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መቀርቀሪያው ያልተከፈተለት ነው፤ ወይ ማጣራቱ ላይ ተራ ሴል ተቀላቅሏል፣ ወይ ትሬጎቹ የሳህን ትሬጎች ናቸው። ቅጹ ላይ የጾታ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ውጤቱን የሚያነበው ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም።